ሐረጎ ዳገት ላይ የሚጀምር ሽታ፦ ቤንዚን ነው ወይስ ጭስ?

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 9፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ትተውልን ያለፉት ኮሮላ ዲኤክስ አለን። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ናት፤ ሞተሯ 4ኬ ነው፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሯም የራሷ ነው። እናቴን ለጉልበቷ ሕክምና በሳምንት ሁለት ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ የማመላልሳት በዚህችው መኪና ነው።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ውስጧ ሽታ ገብቷል። አንዳንድ ቀን ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭስ ጭስ። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ብዙም አይሰማም። ስንመለስ ግን ሐረጎን መውጣት እንደጀመርን ብርዱ ስለሚመጣ መስታወት ዘግተን ማሞቂያ እንከፍታለን፤ ያኔ ይነሳል። እናቴ ደሴ ስንደርስ ራሷን ይዛ ነው የምትወርደው። ባለፈው ሳምንትማ አስመለሳት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የመንገዱ መጠማዘዝ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ሁለት ጋራዥ ወስጃታለሁ። የመጀመሪያው ካርቡራተሩን ፈቶ ጓርኒሲዮኖቹን (በመጋጠሚያ መሐል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) ቀየረ። ሁለተኛው «የነዳጅ ፓምፑ ነው» ብሎ አዲስ ፓምፕ አስገዛኝ። ሁለቱም ቦታ ሽታው መቼ እንደሚመጣ ልነግራቸው ስጀምር ፊታቸውን ወደ ወንድሜ አዞሩ፤ ወንድሜ ደግሞ መኪና አይነዳም። ገንዘቡ ወጣ፣ ሽታው ግን እዚያው አለ። ቀጥሎ ምን ላስቀይር?

ሆጤ
ኅዳር 9፣ ማታ

እህቴ፣ እኔ አሁንም የምጠረጥረው ካርቡራተሩን ነው፤ መቀየር ግን ሳይሆን ማስተካከል ነው የሚያስፈልገው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር እንደ አዲሶቹ መኪኖች አየሩን ለክቶ ነዳጅ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከፍ በወጣን ቁጥር ቤንዚኑ ይበዛል፣ በቅጡ ሳይቃጠል በማርሚታ ይወጣል፣ ጭሱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስፈትተሽ እዪው። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ከጠቆረ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። የእኔን መኪና ኮምቦልቻ አስተካክለውልኝ ደሴ ስደርስ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አልቆም ብላ አስቸግራኝ ነበር፤ እዚህ ደሴ ላይ ስትስተካከል ተወች።

የሸዋ በር ባለታክሲ
ኅዳር 9፣ ሌሊት

ችግሩ እስኪገኝ ድረስ የኋላውን መስታወት ከፍታችሁ ሂዱ። እኔ አሮጌ መኪና ይዤ ዓመታት የሠራሁት እንዲያ እያደረግሁ ነው። አየር ከገባ የሚያሰጋ ነገር የለም።

የድሮ መካኒክ
ኅዳር 10፣ ጠዋት

ልጄ፣ ምንም ነገር እንዳትገዢ። ባለታክሲው ወንድሜ ይቅር ይበለኝና የኋላ መስታወት መክፈት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ሆጤ ስለ ከፍታው የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን የነዳጁ መብዛት የሚነግረን ጭሱ ለምን እንደዚያ እንደሚሸት ብቻ ነው፤ በየት በኩል ወደ ተሳፋሪው እንደሚገባ አይነግረንም። በሚገባ የተስተካከለ ሞተር ጭስም ቢሆን ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

ማንም መፍቻ ከማንሳቱ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ገና በሩን ስትከፍቺው ሽታ አለ? ታንኩ ሙሉ ሲሆንና ሲጎድል ይለያያል? ማሞቂያውን ስትዘጊው ይቀንሳል? መኪናዋ የምታድረው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ተዳፋት ላይ? ነዳጅ በጀሪካን ትይዣለሽ? ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሳ የተለየ ድምፅ አለው?

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሽታው ምን እንደሚመስላቸው እናትሽ በራሳቸው ቃል እንዲነግሩሽ ጠይቂልኝ። አንቺ መሪ ይዘሽ ሐሳብሽ መንገዱ ላይ ነው፤ እሳቸው ግን ተቀምጠው የሚያዳምጡት ሰውነታቸውን ነው። መልሱ እስኪመጣ እናትሽን በዚያች መኪና አታመላልሺ፤ ሚኒባስ አለ።

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 10፣ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሥራዬ ይህንኑ መከታተል ነበር።

ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታ አለ፤ ያ የቤንዚን ነው፣ የሚመጣውም ከኋላ በኩል ነው። ነዳጅ በሞላሁ ማግስት ይብሳል፣ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ የማቆማት አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ነው። ጀሪካን አልይዝም። ማሞቂያውን ስዘጋ የጭሱ ሽታ ይቀንሳል፣ የቤንዚኑ ግን አይለወጥም። ድምፁን በተመለከተ፣ ዛሬ ማለዳ ወንድሜ ሞተሩን ሲያስነሳ ኮፈኑን ከፍቼ አዳመጥኩ፤ «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ቶሎ ቶሎ የሚመታ ድምፅ ነበር፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ።

አንድ ነገር አስደንግጦኛል። ሽታ የለም ብዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እህቴ ከቤት ወጥታ በሩን እንደከፈተች አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ለምጄው ነበር ማለት ነው።

እናቴ ስጠይቃት ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም። «ያልተጋመ ከሰል የገባበት ቤት ነው የሚመስለኝ። ሽታውን ሳይሆን ራስ ምታቱን ነው የምልሽ» አለችና ግንባሯን በሁለት ጣቷ ግራና ቀኝ ይዛ አሳየችኝ። ልጅ ሳለች በክረምት ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው፣ ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ነው ያወጣቸው። ይህንን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

የድሮ መካኒክ
ኅዳር 10፣ ሌሊት

እናትሽ አግኝተውታል። እንደዚያ ዓይነት ራስ ምታት አንዴ የያዘው ሰው አይረሳውም። ከሰሉም ሆነ ሞተሩ የሚያወጡት መርዝ አንድ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። እሱ ራሱ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም። እናንተ የምትሸቱት አብሮት የሚወጣውን በቅጡ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ስለዚህ ሽታው ቀነሰ ማለት መርዙ ቀነሰ ማለት አይደለም። አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል፤ አንቺው ዛሬ አየሽው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያለብሽ ሁለት ሽታ፣ ሁለት በሽታ ነው። ጋራዦቹ አንድ አድርገው ስላዩት ነው መሐል ላይ ያለውን ካርቡራተር የፈቱት። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ያለው፣ ታንክ ሲሞላ የሚብሰው፣ ከኋላ የሚመጣው የቤንዚን ሽታ ከታንኩ ወይም ከመሙያው ቱቦ ነው። ዳገት ላይ፣ ማሞቂያ ሲከፈት የሚመጣው ደግሞ ጭስ ነው፤ መነሻውም ሞተሩ ያለበት ክፍል ነው።

ለምን ሐረጎ ላይ? ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ስትወጪ ሞተሩ ይጫናል፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ቀዳዳ ካለ ጭሱ በዚያ በኩል ይገፋል። ፍጥነትሽ ዝቅተኛ ስለሆነ ኮፈኑ ስር ገብቶ ጭሱን ጠርጎ የሚያወጣ ነፋስ የለም። ማሞቂያው ደግሞ አየር የሚስበው ከፊት መስታወቱ እግር ስር ካለው መግቢያ ነው፤ ከኮፈኑ የወጣው ጭስ በቀጥታ እዚያ ይደርሳል። ቁልቁል ስትወርጂ እግርሽ ከነዳጅ መስጫው ላይ ስለሚነሳ ጭሱ ጥቂት ነው። ጠክ ጠክ የሚለው ድምፅም ምስክር ነው። ብረቱ ሲግል ይለጠጥና ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም ይጠፋል። ጠበበ እንጂ አልተዘጋም፤ ሞተሩ ሲጫን እንደገና ያፈሳል።

የኋላ መስታወት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። መኪና ሲሄድ አየሩን ገፍቶ ስለሚያልፍ ከጀርባው ግፊቱ ይወርዳል፣ ከማርሚታው ጫፍ የወጣው ጭስም እዚያው እየተሽከረከረ መኪናውን ይከተላል። የኋላ መስታወት ሲከፈት የውስጡ አየር ወደ ውጭ ይሳባል፣ በምትኩ ባረጀው የኋላ ኮፈን ጎማ በኩል ጭሱ ይገባል። መንገድ ላይ ሽታ ከመጣብሽ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ሞተሩን አጥፊ፣ በሮቹን ሁሉ ከፍተሽ ውረዱ።

የሥራው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ቤንዚኑ፣ ቀጥሎ ጭሱ። የ4ኬ ሞተር ካርቡራተርና የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ብረት) በአንድ ወገን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ነው የተቀመጡት። ከላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን የሚያርፈው በጋለ ብረት ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተር አስነስቶ የጭስ ቀዳዳ መፈለግ ልክ አይደለም።

ነርስ ከኮምቦልቻ
ኅዳር 11፣ ጠዋት

የጋሼን ሐሳብ ከሙያዬ በኩል ላጠናክር። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል፤ ደሴን በመሰለ ከፍ ያለ ቦታ ኦክስጅኑ ቀድሞውንም የሳሳ ስለሆነ ሰውነት የሚቋቋምበት አቅም ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ሰው ጉንፋን ወይም የመንገድ ሕመም ይመስለዋል። መለያው፣ ከመኪናው ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙ እየተሻለ መሄዱና አብረው የተሳፈሩት ሰዎችም መታመማቸው ነው።

እናትሽን ወደ ሕክምና ስትወስጂያቸው «መኪና ውስጥ ጭስ ይገባ ነበር» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ከጤነኛው መለየት አይችልም፤ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሳትናገሪ ቁጥሩ ብቻ ታይቶ «ደህና ናቸው» ተብለው እንዳይመለሱ ነው የምፈራው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠንቀቅ።

ሌላም ልለምናችሁ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ሲቀዘቅዝ መኪናውን በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አስነስተው እስኪሞቅ ቁርስ የሚበሉ ቤተሰቦች አሉ። መጠለያው ከመኝታ ክፍል ጋር ከተያያዘ ጭሱ በበሩ ስር ይገባል። አስወጥታችሁ አሙቁ።

ቦርከና ማዶ
ኅዳር 11፣ ቀን

አሰላሙ አለይኩም። የኋላ መስታወት ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዛሬ ዓመት ገደማ አልጋና ፍራሽ ጭነን ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ የሚኒባሱ የኋላ በር አልዘጋ ስላለ በገመድ አስረን በግማሽ ክፍት አድርገን ሄድን። የእህቴ ሁለት ልጆች ከኋላ ፍራሹ ላይ ተጋድመው ነበር። መኪናው ጤነኛ ነበር፣ ማርሚታውም አዲስ ነበር። ደሴን አልፈን ስንቆም ትልቁ ተነስቶ አስመለሰ፣ ታናሿ ግን ስንቀሰቅሳት ቶሎ አልነቃችም። ከንፈሯን እያየሁ ስሟን የጠራሁበት ድምፄ አሁንም ይሰማኛል። ሜዳ ላይ አውጥተን አየር ስታገኝ አለቀሰች፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲያ የኋላ በር ተከፍቶ የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር ጥሩምባ እነፋለሁ።

የሸዋ በር ባለታክሲ
ኅዳር 11፣ ቀን

የልጅቱን ነገር አንብቤ ወዲያው ተነስቼ የራሴን መኪና የኋላ ኮፈን ጎማ አየሁ። አንዱ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ተነስቷል። ማታ ማታ ራሴን የሚያመኝን ከድካም ነው እል ነበር። ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ምክሬን ሰምቶ የሠራበት ሰው ካለ እባካችሁ ተዉት።

አዲስ መንጃ ፈቃድ
ኅዳር 11፣ ማታ

ጭሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ለማግኘት እጣን አጭሶ በበሮቹ ጎማ ዙሪያ ማዞር ይቻላል ይባላል። ጭሱ ወደ ተሳበበት መከተል ነው። በየቤታችን እጣን ስለማይጠፋ ቀላል መስሎኝ ነው።

የድሮ መካኒክ
ኅዳር 11፣ ማታ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ግን አሁን አይደለም። ቤንዚን በሚሸት መኪና ውስጥ ፍም ይዞ መግባት ማለት… ሁለተኛ እንዳታስበው፣ ልጄ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ ምንጣፍ ስር፣ ኮፈን ውስጥ ይተኛል። ለማቀጣጠል የሲጋራ ፍም አያስፈልገውም፤ የባትሪ ሽቦ ሲነካካ የምትወጣው ብልጭታ ትበቃዋለች። የቤንዚኑ ሥራ እስኪያልቅ ክብሪት፣ እጣን፣ አምፖል የተሰካበት ሽቦ አይቀርብም። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጥ፣ ሥራው ደጅ ላይ ይሁን። ታንኩን ለማጉደልም ቤንዚን በአፍ መሳብ የለም፤ ወደ ሳንባ የሄደች ጉንጭ ሰው ትገድላለች።

ቀዳዳ ለመፈለግ ያለ እሳት የሚሠራ ነገር አለ። የ10 ብር ኖት በበሩና በጎማው መካከል አድርገሽ ዝጊውና ጎትቺው። ያዝ አድርጎ ከወጣ ጎማው ይሠራል፤ ሙልጭ ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ አየር ያስገባል። በየስንዝሩ እየሞከርሽ ዙሪያውን ጨርሺው። ሌላው ማታ የሚሠራ ነው። አንድ ሰው የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ያብራ፣ አንቺ ከውስጥ መብራት አጥፍተሽ በዳሽቦርዱ ስር እዪ። ብርሃን የገባበት ጭስም ይገባል።

የቤንዚኑን መንገድ ደግሞ እንዲህ ፈልጊው። በኋላ ኮፈን ያለውን ምንጣፍና ሽፋን ሁሉ አስነሺ። ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርደው ወፍራም ጎማና አጠገቡ ያለው ቀጭን የመተንፈሻ ጎማ ጫፍ ጫፋቸው ላይ፣ ፋሸታው የሚያስራቸው ቦታ ነው የሚሰነጠቁት፤ ከላይ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ። ታንኩ ሲሞላና መኪናዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ስትቆም ቤንዚኑ ወደ ኋላ ተኝቶ እነዚህ ጎማዎች ድረስ ይደርሳል። በደሴ ብርድ አፉ ድረስ ሞልተሽ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርጂ ደግሞ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሊትር ያህል ቦታ ተጨማሪ ይፈልጋል። ስለዚህ መቅጃው ራሱ ሲቆም በቃ በዪ፤ መቅጃውን እየነቀነቁ እስከ አፍ አያስሞሉም።

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 14፣ ማታ

የመጀመሪያው ሥራ አልቋል፤ እንዳየሁት ልጻፍላችሁ።

ሦስተኛ ጋራዥ ነው የሄድኩት። የእናንተን መልሶች በወረቀት ገልብጬ ይዤ ሄድኩና «ከዚህ ውጭ ምንም አይፈታም» አልኩ። ወጣቱ መካኒክ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ባትሪውን ነቅሎ ወደ ኋላ ሄደ። ሽፋኑ ሲነሳ ሽታው ዓይን ያቃጥል ነበር። ወፍራሙ ጎማ በዓይን ምንም የለበትም። ልጁ ግን ፋሸታውን ፈታና ጎማውን በአውራ ጣቱ አጠፍ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቁ ወጣ፤ በአንዱ ስንጥቅ ጥፍር ይገባል። ከስሩ ያለው ላሜራ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ቤንዚኑ የወረደበት መስመር ቡናማ ሆኖ ታትሟል። ወራት የፈሰሰ ነገር ነው። ነዳጅ የሚችል አዲስ ጎማና ሁለት አዲስ ፋሸታ ገባ። ዋጋው በከንቱ ያስገዙኝን ፓምፕ ሩብ አይሆንም።

መኪናዋን እንደ ወትሮው ዳገቱ ላይ ሞልቼ አሳደርኳት። ጠዋት በሩን እንድትከፍት ያደረግሁት እህቴን ነው። ምንም አልሸተታትም።

ሆጤ
ኅዳር 14፣ ማታ

ደስ የሚል ወሬ ነው። በዚህ መሐል ካንዴላዎቹን አይተሻቸው ነበር?

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 14፣ ማታ

አዎ፣ አራቱም ጥቁር ናቸው፤ የአየር ማጣሪያውም ታፍኗል። ማጣሪያው ተቀይሯል። ካርቡራተሩ ግን ጭሱ ከተገኘ በኋላ እዚሁ ደሴ ላይ ይስተካከላል። ያልከው ልክ ነበር፣ ወንድሜ።

ሐይቅ መንገድ
ኅዳር 15፣ ጠዋት

በእግረ መንገድ ልጠይቅ። የእኔ ችግር ተቃራኒ ነው፤ ሐረጎን ስወርድ ነው የሚሸተኝ፣ ጎማ የተቃጠለ ይመስላል። ሌላ ቀን ደግሞ ማሞቂያ ስከፍት ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ይመጣና መስታወቱ በጉም ይሸፈናል።

የድሮ መካኒክ
ኅዳር 15፣ ቀን

ቁልቁለት ላይ የሚሸተው ፍሬንህ ነው። እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ አትውረድ፤ የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ከአንዱ ጎማ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፍሬኑ ነክሶ ቀርቷል። ጭስ ካየህ ቁም፣ ውሃ ግን አትድፋበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ጣፋጩ ሽታ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ዳሽቦርዱ ስር ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈሳል። ከፊት ወንበር በታች ምንጣፉን በእጅህ ተጫነው፣ እርጥብ ይሆናል። ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ሳይግል አሠራው።

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 17፣ ማታ

ጭሱም ተገኘ።

ትናንት ማታ ወንድሜ ኮፈኑን ከፍቶ በእጅ ባትሪ አበራ፣ እኔ በዳሽቦርዱ ስር ተጋደምኩ። መጀመሪያ ጨለማ ነበር። «ወደ ቀኝ አዙረው» ስለው ከነዳጅ መስጫው በላይ አንዲት ክብ ብርሃን ቦግ አለች፤ አውራ ጣቴ ትገባባታለች። አባቴ በሕይወት እያሉ ማንቂያ ደወል አስገጥመው ነበር። ገጣሚው ሽቦውን ለማሳለፍ ላሜራውን በስቶ ጎማ ሳያስገባበት ነው የተወው። ስንት ዓመት በዚያች ቀዳዳ ስንተነፍስ ኖረናል።

ዛሬ ማለዳ ደግሞ ወጣቱ መካኒክ ሞተሩ ሳይነሳ ቤታችን ድረስ መጣ። የፈሳሽ ሳሙና አረፋ በጭስ ማውጫው መጋጠሚያዎች ላይ በብሩሽ ቀባና አስነሳው። ከኋላ ያሉት መጋጠሚያዎች ዝም አሉ። ማኒፎልዱ ከሚወርደው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን አረፋው ቡፍ ቡፍ እያለ ይፈነዳ ጀመር፤ ከጠክ ጠኩ ጋር እኩል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ሲፈታ የመጋጠሚያው አንድ ወገን ተኮማትሮ እንደ ጀበና ቂጥ ጥላሸት ለብሷል፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ አልቆ ግማሽ ቀለበት ብቻ ቀርቶታል። ከሦስቱ ብሎን አንዱ ከነጭራሹ የለም። ሁለቱም ጋራዦች ከዚህ ቦታ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር ካርቡራተር ሲፈቱ የነበሩት።

አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሦስት አዲስ ብሎን፣ ለቀዳዳዋ ጎማ። የበሮቹን ጎማ በ10 ብሩ ስሞክር የግራ የኋላ በር ላይኛው ጥግና የኋላ ኮፈኑ ግራ ጎን ለቀቁ፤ እነሱም ይቀየራሉ። ካርቡራተሩ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ተስተካከለ።

ነርስ ከኮምቦልቻ
ኅዳር 17፣ ማታ

እናትሽስ እንዴት ናቸው?

የጦሳ ስር ልጅ
ኅዳር 20፣ ማታ

እህቴ፣ ስለጠየቅሽልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ እንዳልሽኝ ነገርኩት፤ መረመራት፣ ደህና ናት። መጀመሪያ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ሞከርኩ፤ ከዚያ ነው ዛሬ የወሰድኳት። ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ነበር፣ መስታወት ዘጋን፣ ማሞቂያ ከፈትን። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እንደለመደችው ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ትንሽ ቆይታ አወረደችው። ዳገቱን ስንጨርስ ስለ ጉልበቷ ሐኪም እያወራችኝ ነበር። ቤት ስንደርስም አልጋ ላይ አልወጣችም፤ ከሰሉን ደጅ አውጥታ አጋመችና ቡና አፈላች።

የድሮ መካኒክ
ኅዳር 20፣ ሌሊት

እሰይ፣ እሰይ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። አዲስ ጓርኒሲዮን ግሎ ሲቀዘቅዝ ስለሚቀመጥ ብሎኖቹ ይላላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ሦስቱንም አንድ ጊዜ ያጥብቅልሽ። ስታስነሺውም ኮፈኑን ከፍተሽ አዳምጪ።